ቤዙን የሚዘፍን ሕዝብ

ደህና አመሻችሁ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ ዘፈን ነው። ዘፈን ልበለው እንጂ ግጥም የለውም፤ ድምጻዊም የለውም። ያም ሆኖ ባንዱ መድረክ ላይ ሲጀምረው ታዳሚው ይቀበልና ይዘፍነዋል። የሚዘፍነው ደግሞ ቤዝ ጊታሩን፣ ያንን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ጊታር ነው። አዎ፣ ቤዙን!

ባንዱ ቩልፍፔክ ይባላል፤ ሥራው "ዲን ታውን"። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው "ዘ ቢውቲፉል ጌም" በተሰኘው አልበም ላይ ይገኛል። ቤዙን የሚጫወተው ጆ ዳርት ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2019 ኒው ዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ኮንሰርት አቅርቦ ነበር፤ ቅጂውም በአልበም ወጥቷል። ያላዳመጣችሁት ካላችሁ "ዲን ታውን" የሚለውን ፈልጋችሁ ስሙት። ከቤዙ እኩል የሚሰማው የሕዝቡ ድምፅ ነው። ቃል ስለሌለው አንዱ "ዳ" ይላል፣ ሌላው "ባ" ይላል፣ ሌላው በጥርሱ መሀል ያፏጫል። ዜማው ግን አንድ ነው። በፍጥነት የሚንደረደሩት ኖታዎች አንዳንዶቹን ቢያመልጧቸውም፣ የአንዱን ስህተት የሌላው ትክክል እየሸፈነው መስመሩ ሳይበጠስ ይሄዳል።

ሰው ዘፋኝ ሲያደንቅ ይገባኛል። ሶሎ ጊታር የሚጫወት ሲያደንቅም ይገባኛል። ቤዝ ግን እንዲህ የሚዘመርለት ከመቼ ወዲህ ነው? ደግሞስ የዚህ ሥራ አድናቂዎች በቃኝ የማይሉት ለምንድን ነው? የመጣሁት ይህን ላወጋችሁ ነው፤ የራሴም መልስ አለኝ፣ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ቤዝ የነበረበትን ቦታ እንይ። ሊዮ ፌንደር የመጀመሪያውን በሰፊው የተሸጠ ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከዚያ በፊት ቤዝ ተጫዋች ማለት ከቁመቱ የሚበልጥ የቆመ ቤዝ ተሸክሞ ከከተማ ከተማ የሚንከራተት፣ መድረክ ላይ ደግሞ ድራምና የነፋስ መሣሪያዎች ድምፁን የሚውጡበት ሰው ነበር። የፌንደር መሣሪያ በትከሻ ይነገታል፣ በማጉያ ይሰማል፤ አንገቱም ላይ ብረት ስላለው ጣት ያረፈበት ኖታ ሳይዛነፍ ይወጣል። ድምፁ ተሰማ ማለት ግን ሰውየው ታወቀ ማለት አልነበረም።

ለዚህ ከጄምስ ጄመርሰን የተሻለ ምስክር አላገኝም። በዲትሮይት ከተማ፣ ሞታውን በተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓለምን ያስጨፈሩ ሥራዎች ላይ ቤዙን የተጫወተው እሱ ነው። ገመዱን የሚመታው በቀኝ እጁ በአንዲት ጣት፣ በጠቋሚው ብቻ ነበር። በዚያች በአንዲት ጣት የሠራውን ዛሬም ድረስ ሁለትና ሦስት ጣት የሚጠቀሙ ሰዎች ለመድገም ላብ ያጠምቃቸዋል። ዓመታት ሙሉ ግን የአልበሞቹ ሽፋን ላይ ስሙ አልነበረም። በሞታውን አልበም ላይ ስሙ የተጻፈለት እ.ኤ.አ. በ1971 በማርቪን ጌይ "ዋትስ ጎይንግ ኦን" ነው። ልብ በሉ፣ ሰው በጄመርሰን ቤዝ ሲደንስ፣ ሲያገባ፣ ልጅ ሲያሳድግ ኖሯል፤ ማን እንደተጫወተው ግን አያውቅም። የሚያውቀው ዘፋኙን ነው።

ከዚያ በኋላ ቤዝ ቀስ በቀስ ወደ ፊት መጣ። ላሪ ግራሃም ከእናቱ ጋር ሲጫወት ድራመር ስላልነበራቸው ገመዱን በአውራ ጣቱ እየመታ የድራሙንም ሥራ ደርቦ መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ ፈንክ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ሲነሳ ብዙ ሰው ጆሮ ላይ የሚያቃጭለው ያ ድምፅ የተገኘው በዚህ ነው። ቡትሲ ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1970 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሆኖ ወደ ዘፋኙ ጄምስ ብራውን ባንድ ሲገባ የተማረው ትልቁ ነገር፣ እንደ ልብህ ተጫወት፣ የመጀመሪያዋን ምት ግን እንዳትስታት የሚል ነበር። በ1979 በርናርድ ኤድዋርድስ በ"ጉድ ታይምስ"፣ በ1980 ደግሞ የኩዊኑ ጆን ዲከን በ"አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት" ቤዝ ብቻውን ዘፈን ሊያስታውስ እንደሚችል አሳዩ። ግን በእነዚህም ላይ ከቤዙ በላይ ዘፋኝ አለ። ሰው ሲዘፍናቸው የሚዘፍነው ግጥሙን ነው፤ ቤዙ በትከሻው ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ቩልፍፔክ እንመለስ። ባንዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ልጆቹ የተገናኙት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ አን አርበር ከተማ ነው። ሚሺጋን የሞታውኗ ዲትሮይት የምትገኝበት ክፍለ ሀገር መሆኗን አትርሱ። የባንዱ መሥራች የጃክ ስትራተን ሐሳብ ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር፦ በ1960ዎቹ እንደ ሞታውኖቹ ፈንክ ብራዘርስ ያሉ፣ ከዘፋኝ ጀርባ ሆነው ስንቱን ሥራ የሠሩ የስቱዲዮ አጃቢዎች ነበሩ። እኛም በምናባችን ጀርመናዊ የሆነ እንዲህ ያለ የአጃቢዎች ቡድን እንሁን አሉ። ለዚህ ነው ስማቸው ጀርመንኛ የሚመስለው። አያችሁ ጨዋታውን? ከመጋረጃ ጀርባ የነበሩትን ሰዎች መጋረጃውን ገልጠው ፊት ለፊት አስቀመጧቸው፤ ዘፋኙን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይጠሩት ቀሩ።

አድናቂዎቻቸውን ያገኙበት መንገድም እንግዳ ነው። በማርች 2014 "ስሊፒፋይ" የሚል አልበም ስፖቲፋይ በተባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ ማሰራጫ ላይ ጫኑ። አሥር ትራክ አለው፤ አሥሩም ዝም ያለ ነው፤ አንዲት ድምፅ የለም። እያንዳንዱ ከ30 ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ክፍያ የሚታሰበው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ለአድናቂዎቻቸው "ስትተኙ ክፈቱትና እየተደጋገመ ይደር፤ በሚገኘው ገንዘብ የነጻ ኮንሰርት ይዘን እንመጣለን" አሏቸው። ሰውም አደረገው። አልበሙ ከስፖቲፋይ ከመነሳቱ በፊት ወደ 20 ሺህ ዶላር ገደማ አስገኘ፤ እነሱም ቃላቸውን ጠብቀው በዚያው ዓመት መግቢያ ሳያስከፍሉ ዞሩ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ፣ ሲብስም እንደ ብልጠት ያወራዋል። ለእኔ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር ነው። ባዶ ነገር ተሰጥቷቸው በራሳቸው ድርሻ የሞሉ አድናቂዎች ናቸው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ድምጻዊ የሌለው "ዲን ታውን" ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ሳይነገራቸው ያወቁት ለዚህ ይመስለኛል።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ርዕሱ ራሱ ለቤዝ ተጫዋቹ ለጃኮ ፓስቶሪየስ የተሰጠ ሰላምታ ነው። ፓስቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ1977 ዌዘር ሪፖርት ከተባለው የጃዝ ባንድ ጋር "ቲን ታውን" የሚል ሥራ ቀርጾ ነበር፤ በዚያ ላይ ቤዙንም ድራሙንም የተጫወተው እሱ ነው። ቤዝ ዋናውን ዜማ እንዲይዝ ማድረግ ከዚያ የተወረሰ ነው። ልዩነቱ፣ የፓስቶሪየስ ሥራ ስትሰሙት አፋችሁን ከፍታችሁ ትቀራላችሁ እንጂ አብሬ ልዝፈን አትሉም። ዜማው ጠመዝማዛ ነው፤ ከፊታችሁ ይሮጣል። "ዲን ታውን" ይሮጣል፣ ግን እየመለሰ ይደግምላችኋል። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የት እንደሚታጠፍ ታውቃላችሁ። አራተኛው ላይ ከእሱ ቀድማችሁ ትታጠፋላችሁ።

መስመሩ በአንድ ምት ውስጥ አራት አራት ኖታ የሚያስገባ ነው። ዳርት በጠቋሚና በመሀል ጣቱ እየተፈራረቀ ይመታዋል፤ ገመዱን ነክቶ ቶሎ ይለቃል እንጂ አይጎትትም። ነገር ግን ዓይናችሁን ከቀኝ እጁ አንስታችሁ ግራ እጁ ላይ አድርጉ። ግራ እጁ የሚሠራው ኖታ መያዝ ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሸውዳችኋል። ኖታው እንደተሰማ ጣቱን ከብረቱ ትንሽ ላላ ያደርገዋል፤ ገመዱን ግን አይለቅም። ድምፁ እዚያው ይሞታል። አንዳንዴ ደግሞ ገመዱን ሙሉ በሙሉ አፍኖት ይመታል፤ ያኔ "ጠቅ" የምትል፣ ምት እንጂ ድምፀት የሌላት ነገር ትወጣለች። ኖታ ሲጀምር ሁላችንም እንሰማዋለን፤ ሲያልቅ ግን ማንም ልብ አይልም። ፈንክ የሚያስደንሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ማንም ልብ በማይለው በኩል ነው። በአንዱ ኖታ መጨረሻና በሚቀጥለው መጀመሪያ መካከል ክፍተት አለ፤ አካላችን የሚገባው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ይህን እንዲሁ በስሜት ተነድቼ እንዳልል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ሰዎች የተለያየ መጠን ያለው የምት መዛነፍ የያዙ የድራም ምቶችን እንዲሰሙ ተደረገ፤ ከዚያ ምን ያህል መንቀሳቀስ እንደሚያሰኛቸው ተጠየቁ። ምቱ ድርቅ ብሎ ሲሄድ ብዙም አላሰኛቸውም፤ ከልክ በላይ ሲዛነፍም አላሰኛቸውም። እንቀሳቀስ እንቀሳቀስ ያሰኛቸው መካከለኛው ነው። ማለትም ጆሮ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ መገመት መቻል አለበት፤ ግን አልፎ አልፎ ሊሸወድም ይገባል። "ዲን ታውን" ላይ ድራሙ የሚያስገምተን ነው፤ ቤዙ የሚሸውደን።

በነገራችን ላይ ስለ ድራሙ የማልደብቀው ቅሬታ አለኝ። የዚህ ሥራ አድናቂዎች ስለ ጆ ዳርት ጣት ሲያወሩ ውለው ቢያድሩ አይሰለቻቸውም፤ ስለ ድራሙ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አይወጣቸውም። ያ ድራም ምንም ሳያጌጥ፣ ሳያሳብር፣ ደረቅና ቀጥ ብሎ ባይሄድ ኖሮ የቤዙ ኖታዎች የት እንደሚወድቁ ማን ያውቅ ነበር? ለጄመርሰን ያልተሰጠውን ምስጋና ዛሬ ለቤዝ እየሰጠን፣ በተራችን ድራመሩን ከመጋረጃ ጀርባ ልንደብቀው አይገባም።

አሁን ስለ ድምፁ ራሱ። ባለ አራት ገመድ ቤዝ ላይ ወፍራሙ ገመድ ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። በአየር ውስጥ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 8 ሜትር ይጠጋል። ከብዙ ሳሎን ይረዝማል ማለት ነው! ይህን ያህል ሞገድ የስልክ ድምፅ ማጉያ ሊያወጣው አይችልም። ታዲያ በስልክ ስንሰማ ቤዙ እንዴት ይሰማናል? የሚሰማን ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉት አጋር ድምፆች ናቸው፤ የጎደለውን ዝቅተኛ ድምፅ አእምሯችን ከእነሱ ተነስቶ ይሞላዋል። ስለዚህ የዚህ ሥራ አፍቃሪዎች "በስልክ ሰምተህ አልወደድኩትም አትበለን፣ መጀመሪያ ደህና ማዳመጫ አድርግ" ሲሉ ግትርነት አይደለም፤ እውነታቸውን ነው።

ዝቅተኛ ድምፅ ምትን በመምራት ረገድም የተለየ ሥልጣን አለው። በዚያው በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ አንድ ላይ ሲሰሙ ወፍራሙ ከጊዜው ትንሽ ቢዛነፍ አእምሯችን የበለጠ እንደሚነቃ አሳይቷል። በ2022 ደግሞ የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእውነተኛ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ኮንሰርት ላይ እጅግ ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጡ ማጉያዎችን ሲያበሩና ሲያጠፉ አመሹ። ድምፁ ጆሮ ለይቶ የማያውቀው ዓይነት ነው። ማጉያዎቹ ሲበሩ ግን ታዳሚው በ11.8 በመቶ የበለጠ ተንቀሳቀሰ። ማንም ምን እንደተለወጠ አላወቀም፤ አካሉ ግን አውቋል።

እንግዲህ መልሴን የምነግራችሁ እዚህ ላይ ነው። ቤዝ እስከ ዛሬ ሳይታወቀን የሚያንቀሳቅሰን መሣሪያ ነበር። "ዲን ታውን" የሚያደርገው ያንኑ መሣሪያ ወስዶ የሚዘፈን ዜማ መስጠት ነው፤ ከዚያ ደግሞ የዘፋኙን ወንበር ባዶ ይተወዋል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ታዳሚው ነው። ይህን ያልኩት ለማሳመር ሳይሆን በድምፅ ደረጃም በትክክል የሚሆነው ስለሆነ ነው። የሰው ጉሮሮ ቤዝ ጊታሩ ያለበት ድረስ አይወርድም። ስለዚህ ታዳሚው ያንኑ ዜማ ወንዶቹ በአንድ፣ ሴቶቹ በሁለት ኦክታቭ ከፍ አድርገው ይዘፍኑታል፤ ኦክታቭ ማለት ያው ኖታ ቀጠን ብሎ እንደገና የሚመጣበት ርቀት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ በተለመደው ዘፈን የሚቀመጠው ድምጻዊው ነው። ዛሬ ግን ማንም የለም፤ ቦታው ክፍት ነው። ቤዙ ከታች፣ ሕዝቡ ከላይ፣ መሀሉን ደግሞ ኪቦርዱና ጊታሩ ይዘውታል። ማንም ማንንም አይጋፋም። ግጥም ያለው ዘፈን ላይ ሕዝቡ አብሮ ሲዘፍን ከዘፋኙ ጋር ይደራረባል፤ እዚህ ግን የጎደለውን ድምፅ ያስገባል።

"ሕዝቡ ሲጮህ ቤዙን ይውጠዋል፤ ቤዝ ሊሰማ የመጣ ሰው ጩኸት ሰምቶ ይሄዳል" የሚሉ አሉ። ከፊሉን እቀበላለሁ። የጣቱን ሥራ በጥሞና ልስማ ለሚል ሰው የስቱዲዮው ቅጂ ይሻላል፤ የመድረኩን ለዚያ አልመክርም። የመድረኩ ቅጂ ሌላ ሥራ ነው፤ የሁለት ወገን ሥራ።

ጆ ዳርት የራሱን ስም የያዘ ቤዝ ጊታር አለው። ኤርኒ ቦል ሚውዚክ ማን የተባለው ድርጅት ነው የሠራለት። መሣሪያው ላይ ያለው ማዞሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው። ወፍራም ቀጭን፣ ስለታም ድፍን የሚያደርጉ ሌሎች ማዞሪያዎች የሉትም። አድናቂዎቹ ይህቺን አንዲት ማዞሪያ ሲወዷት ለጉድ ነው። እኔም እወዳታለሁ፤ ምክንያቱም ድምፁን የሚለውጥ ሌላ ነገር ስለሌለ ሁሉ ነገር ከጣት ይጠበቃል። ጣት ገመዶቹ ከታች ወደሚያርፉበት ወደ ድልድዩ ሲጠጋ ድምፁ ይጠራል፤ ወደ አንገቱ ሲሄድ ይወፍራል። ማዞሪያው እጅ ነው ማለት ነው።

ከአድናቂዎቹ ብዙዎቹ ቤዝ ይጫወታሉ፤ ይህን ሥራ አጥንቶ፣ ቀርጾ ማሳየት እንደ ብቃት መለኪያ ሆኗል። ደስ ይላል። ግን አብዛኞቹ የሚወዳደሩት በፍጥነት ነው። ኖታዎቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ፍጥነቱም አለ፤ ሆኖም ስትሰሟቸው ትከሻችሁ ንቅንቅ አይልም። ቅድም ያልኳችሁን ግራ እጅ ረስተውታል። እያንዳንዱ ኖታ እስከሚቀጥለው ድረስ ይጮሃል፤ ክፍተት የለም። መስመሩን ለመማር የምትፈልጉ እዚህ መሀል ካላችሁ፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱትና መጀመሪያ በአፋችሁ ዝፈኑት። አፍ መተንፈስ ስላለበት የት መቁረጥ እንዳለበት ጣትን ያስተምረዋል። ኮንሰርቱ ላይ ያለው ሕዝብ አንድም ገመድ ሳይነካ ብዙ ቤዝ ተጫዋች የሚስተውን ክፍተት በትክክል የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ሁለቱንም ቅጂ አከታትዬ አሰማችኋለሁ፤ መጀመሪያ የስቱዲዮውን፣ ቀጥሎ የማዲሰን ስኩዌር ጋርደኑን። የመጀመሪያው ላይ ድራሙን ብቻ ተከተሉ፤ ቤዙን ተዉት፣ እሱ ራሱ ይፈልጋችኋል። ሁለተኛው ላይ መዝፈን የፈለገ ይዝፈን። ከዚያ ጥያቄ እንቀበላለን።